ለ«ጠገብኩ» «ሴይሺዬት» ይሆናል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ለአይኤልትስ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። ስለ አመጋገብ በተጻፈ ምንባብ ውስጥ ሳቲዬት የሚል ቃል ገጠመኝ፤ መዝገበ ቃላት ሳይ ‹አጠገበ፣ አረካ› ይላል። ታዲያ በልቼ ስጨርስ ‹አይ ሳቲዬትድ› ማለት እችላለሁ? ሳቲስፋይ ከሚለውስ በምን ይለያል? ድርሰት ውስጥ ባስገባው ነጥብ ይጨምርልኛል?»

ማዕድ ላይ ይህን ቃል አይጠቀሙበት። እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ሰው ሳህኑን ገፋ ሲያደርግ «አይም ፉል» ነው የሚለው፤ አሜሪካዊ ከሆነ ደግሞ ሆዱን ይዞ «አይም ስታፍድ» ሊል ይችላል። በዚያ ሰዓት «አይም ሴይሺዬትድ» የሚል ሰው ወይ እየቀለደ ነው፣ ወይ የሐኪም ቅጽ እየሞላ ነው። «አይ ሳቲዬትድ» ደግሞ ከነጭራሹ ጎዶሎ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ለምን እንደሆነ ሰዋስዉ ጋ ስንደርስ ይታያል።

መጀመሪያ አጠራሩን እናስተካክል፣ ምክንያቱም በንግግር ፈተናው ላይ «ሳቲዬት» ካሉ ፈታኙ ቃሉን ላይለየው ይችላል። ኤስ፣ ኤ፣ ቲ፣ አይ፣ ኤ፣ ቲ፣ ኢ ተብሎ የሚጻፈው ይህ ግሥ የሚነበበው «ሴይ-ሺ-ዬይት» ተብሎ ነው፤ ጫናው መጀመሪያው ክፍለ ቃል ላይ ያርፋል። መካከለኛዋ ቲ ወደ «ሽ» የተለወጠችው «ኢኒሺዬት» እና «ኔጎሺዬት» ላይ እንደሆነው ነው። ወጥመዱ ያለው «ጥጋብ» የሚል ትርጉም ባለው ስም ላይ ነው። እሱ «ሰ-ታይ-ኧ-ቲ» ነው፤ ቲ ወደ ራሷ ድምፅ ትመለሳለች፣ ጫናውም ወደ «ታይ» ይሻገራል። «ሰሳይኧቲ» የሚለውን፣ ማኅበረሰብ የሚባለውን ቃል፣ ካወቁት ምቱ አንድ ነው። ቅጽሉ «ኢን-ሴይ-ሸ-ብል» (የማይጠግብ) ደግሞ እንደገና ወደ «ሽ» ይመለሳል። ትርጉሙ ያው የሆነ ሌላም አጭር ዘመድ አለ፤ ኤስ፣ ኤ፣ ቲ፣ ኢ ተብሎ ይጻፋል፣ «ሴይት» ተብሎ ይነበባል። እዚህ «ይ»ን ያስገባናት በፊደላችን «ሴት» ብለን ብንጽፈው ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ ሌላ ወሬ ስለሚሆንብን ነው።

ወደ ትርጉሙ። ሥሩ ላቲን ነው፤ «ሳቲስ» ማለት «በቂ» ማለት ነው። ከእሱ «ሳቲያሬ» የሚል ግሥ ወጣ፣ «ሞላ፣ አጠገበ» ማለት ነው፤ እንግሊዝኛም በ15ኛው መቶ ዓመት ወሰደው። «ሳቲስፋይ» የዚያው ቤት ልጅ ነው፤ «ሳቲስ» ላይ «አደረገ» የሚል ግሥ ተቀጥሎ «በቂ አደረገ» ሆነ። (ባንክ ቤት በየቀኑ የሚጠራው «አሴት» እንኳ ከዚሁ ሥር የወጣ ነው፤ መነሻ ሐሳቡ ዕዳን ለመክፈል በቂ የሆነ ንብረት ነው።) ልዩነታቸው የሚጀምረው ከዚህ ነው። አንዱ በቂ ማድረግ ነው፣ ሌላው እስከ አፍ መሙላት።

ለእኛ የሚመቸው መለያ ጉርሻ ነው። እንግዳው በልቶ «ሳቲስፋይድ» ከሆነ ረሃቡ ታግሦለታል፤ ባለቤቲቱ «በሞቴ» ብላ ጉርሻ ብትዘረጋለት ግን አፉን ይከፍታል። «ሴይሺዬትድ» ከሆነ ጉርሻው ራሱ አያምረውም። የቸገረው ነገር መሟላቱ ብቻ ሳይሆን መፈለጉ ራሱ ጠፍቷል። ሳቲስፋይ ጉድለትን ያሟላል፣ ሴይሺዬት ፍላጎትን ያጠፋል።

ስለዚህ ነው ቃሉ ሁለት ፊት ያለው። በአንዱ ፊቱ ክፉም ደግም ያልሆነ፣ «ሙሉ በሙሉ አጠገበ» ብቻ ነው፤ «ሂ ሴይሺዬትድ ሂዝ ሀንገር» ሲባል ረሃቡን አስወገደ፣ አለቀ። በሌላው ፊቱ ከልክ አልፎ እስኪሰለች፣ እስኪያንገሸግሽ መሙላት ነው። የትኛው እንደሆነ የሚነግርዎ ከኋላው የሚመጣው ነገር ነው። ተሳቢው ረሃብ፣ ምኞት ወይም የማወቅ ጉጉት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ሰው «ሴይሺዬትድ ዊዝ» ተብሎ ቀጥሎ ምቾት፣ ሙገሳ ወይም ተድላ ከመጣ ግን ሁለተኛው ነው፤ ሰውየው ደስ ብሎታል ሳይሆን ሰልችቶታል። በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 27 ቁጥር 7 ላይ የማር ወለላ የምትረግጠው የጠገበች ነፍስ ይህችኛዋ ናት። ብዙ ተማሪ ይህን ስቶ «በሙገሳ ረካ» ብሎ ይተረጉምና የጽሑፉን መንፈስ ይገለብጠዋል።

ከጥጋብ ወደ መሰልቸት የሚወስደው መንገድ በእንግሊዝኛ የቆየ ነው። ዛሬ «ያዘነ» የሚባለው «ሳድ» በጥንታዊው እንግሊዝኛ «የጠገበ» ማለት ነበር፤ ከዚያ «የከበደ፣ የረጋ» ሆነ፣ ቀስ እያለም ወደ ኀዘን ወረደ። የጀርመንኛ ዘመዱ «ዛት» ግን ባለበት ቆሟል፤ ጀርመን አገር የሚኖር ሰው በልቶ ሲጨርስ «ኢሽ ቢን ዛት» የሚለው ያንኑ ነው። «ፌድ አፕ» የሚለውም ቃል በቃል «እስከ አፍ የተመገበ» ሆኖ ሳለ ትርጉሙ «ምርር ያለው» ነው። በልተው ሲጨርሱ «አይም ፌድ አፕ» ብለው አመሰግናለሁ ለማለት ከሞከሩ፣ ባለቤቱ የሚሰማው «በቃችሁኝ» ነው።

አሁን ሰዋስዉ። በአማርኛ «ጠገብኩ» መልኩ ኃላፊ ነው፣ ትርጉሙ ግን አሁን ያለሁበት ሁኔታ ነው፤ «ራበኝ»፣ «ደከመኝ»፣ «ገባኝ» እንደሚሉት። እንግሊዝኛ ይህን የሚገልጸው «አም» ብሎ ቅጽል በማስከተል ነው። ስለዚህ ኃላፊውን በኃላፊ ሲተረጉሙ «አይ ፉልድ» እና «አይ ሳቲዬትድ» የሚሉ ስሕተቶች ይወለዳሉ። ሁለተኛው ነገር ደግሞ «ሴይሺዬት» የ«ጠገበ» አቻ አለመሆኑ ነው፤ የ«አጠገበ» አቻ ነው። ተሻጋሪ ነው፣ ተሳቢ ይፈልጋል። «አጠገብኩ» ብሎ ዝም ያለን ሰው «ማንን?» ብለን እንደምንጠይቀው ሁሉ «አይ ሴይሺዬትድ» ላይም እንግሊዛዊው ያንኑ ይጠብቃል። ትክክል የሚሆኑት እነዚህ ናቸው፦ «ዘ ሚል ሴይሺዬትድ ሚ» (ምግቡ አጠገበኝ)፣ «አይ ሴይሺዬትድ ማይ ሀንገር ዊዝ ብሬድ» (ረሃቤን በዳቦ አስታገስኩ)፣ «አይ ዋዝ ሴይሺዬትድ» (ጠግቤ ነበር)። ያጠገበው ነገር በ«ዊዝ» ወይም በ«ባይ» ይገባል፤ «ኦፍ» አይሄድም። «ፉል» ግን በተቃራኒው «ኦፍ» ነው የሚወስደው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ስሕተት የጎበዝ ተማሪ ስሕተት ነው። «ታይቶ የማይጠገብ» የሚለውን ውብ አነጋገራችንን ወደ እንግሊዝኛ ሲወስድ «ኢንሴይሸብል» የሚለውን ቃል ያገኛል፣ «አን ኢንሴይሸብል ቪው» ብሎም ይጽፋል። አይሆንም። የእኛ «የማይጠገብ» የሚታየውን ነገር ይገልጻል፤ የእነሱ «ኢንሴይሸብል» የሚገልጸው ፈላጊውን ወይም ፍላጎቱን ነው፣ ማለትም «የማይጠግብ»። በአንዲት ፊደል ለውጥ፣ በ«ገ» እና በ«ግ»፣ የምንለየውን ነገር እነሱ በዚህ ቃል አይለዩትም። ስለዚህ «ኢንሴይሸብል አፐታይት»፣ «ኢንሴይሸብል ኪዩሪዮሲቲ»፣ «ኢንሴይሸብል ዲማንድ» ይባላል፤ መልክዓ ምድር ግን ኢንሴይሸብል ሊሆን አይችልም፣ ሆድ የለውማ። ለተራራው «ዩ ኔቨር ታየር ኦፍ ሉኪንግ አት ኢት» ቢሉ ይበቃል።

እንዲያውም የእኛ «ጠገበ» ከእንግሊዝኛው እጅግ የሰፋ ነው፤ በደረሰበት ሁሉ «ሴይሺዬት»ን ይዞ መሄድ አያዋጣም። «ይህ ልጅ ጠግቧል» ስንል ዱላ ያማረው ጥጋበኛ ማለታችን ነው፤ እዚያ ላይ «አሮጋንት» ወይም «ኮኪ» ነው የሚሻለው፣ «ሴይሺዬትድ» ትዕቢት የሚባል ነገር አያውቅም። «ዕድሜ ጠገብ» ሽማግሌ «ፉል ኦፍ ይርስ» ነው፣ ዕድሜ ጠገብ ዛፍ ደግሞ በቀላሉ «ኤንሸንት»። «ስድብ ጠግቤ መጣሁ» የሚለው ምሬት ነው፤ ማንም በስድብ «ሴይሺዬትድ» አይሆንም። ውሃ የጠገበ መሬት ወይም ዘይት የጠገበ ፓስቲ «ሳቹሬትድ» ነው፤ ይህም ቃል የ«ሳቲስ» የቅርብ ዘመድ ነው፣ «ሳቱር» (የሞላ፣ የጠገበ) ከሚለው የመጣ። ተማሪዎች ሁለቱን የሚያደባልቁት ድምፃቸው ስለሚቀራረብ ይመስለኛል፤ ሰው ሴይሺዬትድ ይሆናል፣ ስፖንጅ ሳቹሬትድ ይሆናል፣ እንዲህ ይያዙት።

መጠጥ ላይ አማርኛ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ይጠነቀቃል። ሰው በልቶ ይጠግባል፣ ጠጥቶ ይረካል፤ «እርካታ» ብለን «ሳቲስፋክሽን»ን የተረጎምነውም ከጥም ወስደን ነው። በእንግሊዝኛ «ሴይሺዬት» ሁለቱንም ሊነካ ይችላል፣ ነገር ግን ጥም የራሱ ግሦች አሉት፤ የተለመደው «ኩዌንች» ነው፣ ትንሽ መጽሐፋዊው «ስሌክ»። «ስሌክድ ላይም» ሲያጋጥምዎ ግን ጥሙ የተቆረጠ ሎሚ እንዳይሉት፤ ውሃ ገብቶበት የፈላና የተፈታ ኖራ ነው።

የእርስዎ ምንባብ ስለ አመጋገብ ስለሆነ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። በሥነ ምግብ ሳይንስ «ሴይሺዬሽን» እና «ሰታይኧቲ» አንድ አይደሉም። ሴይሺዬሽን በአንድ ማዕድ ውስጥ የሚካሄድ ነው፤ ከመጀመሪያው ጉርሻ ጀምሮ እየጨመረ ሄዶ «በቃኝ» ብለን እጃችንን እንድንሰበስብ ያደርጋል። የሚወስነው የአንዱን ማዕድ መጠን ነው። ሰታይኧቲ የሚጀምረው እጃችንን ከታጠብን በኋላ ነው፤ እስከሚቀጥለው ረሃብ ድረስ የሚያቆየን እሱ ነው። የሚወስነው በሁለት ማዕድ መካከል ያለውን ጊዜ ነው። አማርኛ ሁለቱንም «ጥጋብ» ስለሚል፣ የጤና ጽሑፍ የሚተረጉሙ ሰዎች ልዩነቱን ሳያውቁት ይደፈጥጡታል። ለመጀመሪያው «መጥገብ»፣ ለሁለተኛው «ጠግቦ መቆየት» ቢሉ አንባቢ ይገባዋል፤ «ሆድ የሚይዝ» የምንለው ምግብ፣ ገንፎን የመሰለው፣ የሚመሰገነው በሁለተኛው ነው። ጋዜጦቹ «ሴይሺዬቲንግ» የሚሉት፣ ሰዎች በቤታቸው «ፊሊንግ» የሚሉት ይኸው ነው።

ሰውነትም ሁለቱን ለየብቻ ነው የሚያስኬዳቸው። ቅባትና ፕሮቲን ወደ ትንሹ አንጀት ሲደርሱ ኮሌሲስቶካይኒን የሚባል ሆርሞን ይለቀቃል፤ ከጨጓራ መለጠጥ ጋር ሆኖ «አቁም» የሚለውን መልእክት ወደ አንጎል ይወስዳል፤ ይህ የሴይሺዬሽን ሥራ ነው። ግሬሊን የተባለው፣ በ1999 የታወቀው የጨጓራ ሆርሞን፣ ከምግብ በፊት ከፍ ይላል፣ ከተበላ በኋላ ይወርዳል። በ1994 የተገኘው ሌፕቲን ደግሞ ከስብ ይመነጫል፤ የሚናገረውም ስለ አንድ ማዕድ ሳይሆን ሰውነት ስላከማቸው ስንቅ ነው። (እነዚህ ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ምንባቡ «ሰታይኧቲ ኢንዴክስ» የሚል ካለበት መነሻው በ1995 በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ሱዛና ሆልትና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ጥናት ነው። 38 ምግቦችን እያንዳንዳቸውን በ240 ኪሎ ካሎሪ መጠን አበሉ፣ ለሁለት ሰዓት በየ15 ደቂቃው «ምን ያህል ጠግበሃል?» እያሉ ጠየቁ፣ ነጭ ዳቦን 100 አድርገው ሌላውን ከእሱ አንጻር ሰፈሩ። የተቀቀለ ድንች 323 አግኝቶ አንደኛ ወጣ፤ ክሩሳን 47 ይዞ መጨረሻ ሆነ። እዚህ ላይ የፈተና አዘጋጅ የሚወደው ጉድጓድ አለ። ንጽጽሩ በካሎሪ እንጂ በክብደት አይደለም። 240 ኪሎ ካሎሪ ለማግኘት ድንቹ ወደ 300 ግራም ገደማ መሆን አለበት፣ ክሩሳኑ ግን 60 ግራም ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ «ድንች ከክሩሳን የበለጠ ያጠግባል» የሚለው ልክ የሚሆነው «በእኩል ካሎሪ» ሲባል ነው። የለካውም የሁለት ሰዓቱን ጠግቦ መቆየት ነው፣ ስሙም በትክክል ኢንዴክስ ኦፍ ሰታይኧቲ እንጂ ኦፍ ሴይሺዬሽን አይደለም።

«ሴንሰሪ ስፔሲፊክ ሰታይኧቲ» የሚባል ሐረግም ሊገጥምዎ ይችላል። ምንም እንኳ ረጅም ቢሆን ነገሩን ማንኛውም የሠርግ ተጋባዥ ያውቀዋል፤ ከክትፎው «በቃኝ» ያለ ሰው ዳቦው ወይም ፍራፍሬው ሲመጣ እንደገና ይዘረጋል። የሰለቸው ያንኑ ጣዕምና ልስላሴ ነው፣ መብላትን አይደለም። በብዙ ዓይነት ምግብ የተሞላ ገበታ ላይ ከልክ በላይ የሚበላውም ለዚህ ነው።

ከምግብ ውጭ ቃሉ ሁለት ቦታ ይኖራል። ኢኮኖሚክስ የተማሩ ከሆነ «ነን-ሴይሺዬሽን» ታስታውሳላችሁ፤ ተጠቃሚ ሁልጊዜ ተጨማሪ ቢያገኝ ይመርጣል የሚለው ግምት ነው። በሥነ ልቦና ደግሞ «ሴማንቲክ ሴይሺዬሽን» አለ፤ አንድን ቃል ደጋግመው ሲሉት ትርጉሙ ለጊዜው መጥፋቱ ነው። «እንጀራ» የሚለውን ቃል ሳያቋርጡ 30 ጊዜ ይጥሩት፣ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ድምፅ ብቻ ነው። እዚህም ቃሉ ያንኑ ነው የሚሠራው፤ እስኪሞላ ድረስ መስጠትና ስሜቱን ማጥፋት።

ወደ ድርሰቱ እንምጣ። የአይኤልትስ ጽሑፍ የሚታረመው በአራት እኩል መመዘኛዎች ነው፣ አንዱ የቃላት አጠቃቀም ነው። ብርቅ ቃል ነጥብ የሚያስገኘው ከሚስማማው ቃል ጋር ሲቀመጥ ብቻ ነው፤ ከማይስማማው ጋር ከተቀመጠ መመዘኛው ራሱ ስሕተቱን ይቆጥርብዎታል። «ሴይሺዬት»ን ከረሃብ፣ ከአፐታይት፣ ከምኞት፣ ከማወቅ ጉጉት ጋር ያስጠጉት። ከደንበኛ፣ ከመስፈርት፣ ከሕግ፣ ከዳኛ ጋር በፍጹም አያስጠጉት። «ሴይሺዬት ዘ ሪኳየርመንትስ» ብሎ መጻፍ መስፈርቱን በላሁት እንደማለት ነው፤ እዚያ ቦታው የ«ሳቲስፋይ» ወይም የ«ሚት» ነው። «ሴይት» ደግሞ ለትረካና ለጋዜጣ ርእስ ይስማማል፣ ለድርሰት ፈተና ብዙም አይጠቅምዎትም። በእኔ ምርጫ ከቤተሰቡ አንድ ብቻ ለመያዝ ከሆነ «ኢንሴይሸብል»ን ይያዙ። «ዘ ኢንሴይሸብል ዲማንድ ፎር ኢነርጂ» ስለ ከተማ፣ ስለ አካባቢ፣ ስለ ቴክኖሎጂ በሚመጣ ጥያቄ ሁሉ ያለ ጭንቀት ይገባል። ቃሉን ግን ሁለት ጊዜ አይጠቀሙበት፤ በ250 ቃል ድርሰት ውስጥ ሁለት ጊዜ ከታየ የተሸመደደ ይመስላል።

እንግሊዝኛ ተናጋሪ ቤት ተጋብዘው ጨምሩ ሲባሉ ደግሞ «በቃኝ»ን ቃል በቃል «ኢናፍ!» ብለው አይተርጉሙት፤ ቁጣ ይመስላል። «ኖ ሞር ፎር ሚ፣ ታንክ ዩ፤ ኢት ዋዝ ዲሊሸስ» በቂ ነው። «አይቭ ሃድ ኢናፍ» ስሕተት ባይሆንም ድምፅዎ ትንሽ ከጠነከረ «ሰለቸኝ» ወደሚለው ያዘነብላል፤ «አይቭ ሃድ ፕሌንቲ» ይለሰልሳል። ጣፋጩ እጅ እጅ ካለዎት ቃሉ «ክሎዪንግ» ነው፣ ግን ባለቤቱ ፊት ቃሉን አይናገሩት። ምግቡ አንጀትዎን ካራሰው «ዛት ሂት ዘ ስፖት» ይበሉ፣ ያጎረሰዎት ሰው ደስ ይለዋል። «ስታፍድ» ስለራስዎ ሲሉት ችግር የለውም፤ «ጌት ስታፍድ» ግን በእንግሊዝ ስድብ ነው።

በመጨረሻ ለንባቡ ክፍል። ምንባቡ «ፕሮቲን ሰታይኧቲን ያራዝማል» ካለ፣ ጥያቄው ደግሞ «ፕሮቲን የሚበሉ ሰዎች ማዕድ ላይ ቶሎ ያቆማሉ» ካለ፣ ምንባቡ ስለ ማዕዱ ሌላ ምንም ካላለ መልሱ «ትሩ» (እውነት) አይደለም፣ «ፎልስ»ም (ሐሰት) አይደለም፤ «ኖት ጊቨን» (በምንባቡ አልተጠቀሰም) ነው። የመጀመሪያው የሚናገረው እጅ ከታጠበ በኋላ ስላለው ጊዜ ነው፣ ሁለተኛው እጅ ገና ሳህን ላይ ሳለ ስለሚሆነው።